ትሎቹ ምን ያህል ተሸከሙ? በአንድ የብረታ ብረት ሥራ ግቢ መርዛማ ዝቃጭን በቀይ ትል ለማከም የተደረገ ሙከራ (የጉዳይ ጥናት)

መነሻ

ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ መሀል፣ በተክለ ሃይማኖት አካባቢ በሚገኝ አንድ የጋራ የሥራ ግቢ ውስጥ ለ14 ወራት የተካሄደ ሙከራን ይመዘግባል። የሙከራው ዓላማ በግቢው ለዓመታት የተጠራቀመውንና ከባድ ብረቶች (እንደ እርሳስ፣ ክሮምና ካድሚየም ያሉ) ያሉበትን ዝቃጭ በቀይ ትሎች አማካይነት ማከም ነበር። እኔ የተሳተፍኩት ያለ ክፍያ በአማካሪነት ነው። የሰዎቹንና የግቢውን ስም የማልጠቅሰው ከመጀመሪያው በገባሁላቸው ቃል መሠረት ነው። ለመጻፍ ያነሳሳኝ ምክንያት አንድ ነው፤ ስለ ትል ኮምፖስት በሚሰጡ ስልጠናዎች ላይ ደጋግሜ የሰማሁት «ትል መርዙን ይበላዋል» የሚለው አነጋገር ሰዎችን ወዴት ሊወስድ እንደሚችል በዚህ ግቢ ውስጥ በቅርብ አይቻለሁ።

የግቢው ሁኔታ

በግቢው ውስጥ ስድስት ተከራዮች ይሠራሉ። ሁለቱ ብረትን በኒኬል፣ በክሮምና በዚንክ የሚለብጡ ናቸው። አንዱ የመኪና ራዲያተር በያጅ ነው፣ አንዱ ያረጁ ባትሪዎችን ከፍቶ ይጠግናል፣ አንዱ ቶርኖ አለው፤ በበሩ በኩል ደግሞ ለሠራተኞቹ ቁርስና ምሳ የምታቀርብ አንዲት ሴት አነስተኛ ምግብ ቤት ከፍታለች። የስድስቱም ፍሳሽ የሚገባው ወደ አንድ ጉድጓድ ነው፤ ከጉድጓዱ የሚተርፈው ውሃ በቦይ ወርዶ ወደ ትንሹ አቃቂ ይቀላቀላል። ትንሹ አቃቂ ከትልቁ አቃቂ ጋር አባ ሳሙኤል ላይ ከመገናኘቱ በፊት በመካኒሳና በጎፋ በኩል ሲያልፍ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን የሚጠጡት ውሃ ነው። ስለዚህ የግቢው ፍሳሽ ከግቢው አጥር ውጭ ያለ ሰው ጉዳይም ነበር።

ከጉድጓዱ ውስጥ የትኛው ብረት ከየት እንደመጣ ለመገመት ብዙ ምርመራ አያስፈልግም። ለባጮቹ ከክሮም ገንዳ ያወጡትን ዕቃ ሲያለቀልቁ ባለ ስድስት ቫለንስ ክሮም ከውሃው ጋር ይወርዳል፤ ይህ የክሮም ዓይነት በውሃ በቀላሉ የሚሟሟና ካንሰር አምጪ መሆኑ የታወቀ ነው። ኒኬልና ዚንክም በዚያው መንገድ ይገባሉ። እርሳስ ከባትሪው ሰሌዳና ከራዲያተሩ ብየዳ ይመጣል፤ ባትሪ ጠጋኙ የሚደፋው ሰልፈሪክ አሲድ ደግሞ ሌሎቹን ብረቶች ያሟሟቸዋል። ካድሚየም በግቢው ማንም ሆን ብሎ አይጠቀምበትም፤ ነገር ግን በተፈጥሮው ከዚንክ ማዕድን ጋር አብሮ የሚገኝ በመሆኑ በጥቂቱ ተከትሎት ይመጣል። በዚህ ሁሉ ላይ የምግብ ቤቱ የዕቃ እጣቢ፣ የቡና አተላና የምግብ ትርፍራፊ ይጨመራል። ከጉድጓዱ የሚወጣው ዝቃጭ የጠራ የፋብሪካ ኬሚካል ዝቃጭ ሳይሆን ጥቁርና ለስላሳ፣ ግማሹ የበሰበሰ ነገር የሆነው ለዚህ ነው። በኋላ እንደታየው፣ ትሎቹ በጥቂቱም ቢሆን ሊኖሩበት የቻሉት በዚህ የምግብ ቤት ቆሻሻ ምክንያት ነበር።

ችግሩ

ጉድጓዱ በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ በአካፋ ይጠረጋል። የወጣው ዝቃጭ በጆንያ እየተሞላ ከጓሮው ግድግዳ ሥር ይደረደራል። እኔ ስደርስ 31 ጆንያዎች ነበሩ፤ ከሥር ያሉት በስብሰው ዝቃጩ ወደ መሬት መፍሰስ ጀምሯል። ቆሻሻ የሚሰበስበው የአካባቢው ማኅበር ጆንያዎቹን አልቀበልም ብሏል፣ ይህም ትክክል ነበር፤ አደገኛ ቆሻሻ ከቤት ቆሻሻ ጋር ሊደባለቅ አይገባም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው ያጸዳ ዘንድ ያስገድዳል፤ ስለ አደገኛ ቆሻሻ ራሱን የቻለ አዋጅ ቁጥር 1090ም ወጥቷል። ሆኖም አንድ ራዲያተር በያጅ በእጁ ባለው ገንዘብ 31 ጆንያ ዝቃጭ ምን ያድርገው ለሚለው ጥያቄ አዋጁን ማንበብ ብቻውን መልስ አይሆንም።

ከተከራዮቹ አንዱ ጆንያዎቹን በሌሊት በአይሱዙ ወደ ቆሼ እንዲላኩ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው የግቢው ባለቤት ግን፣ እዚያም ቢሆን ቆሻሻውን በእጃቸው እየለዩ የሚያድሩ ሰዎች አሉ ብለው ከለከሉ። የትል ሐሳብ የመጣው ከአንደኛው ለባጭ ልጅ ነው። የግብርና ተማሪ ናት፤ የትል ኮምፖስት አሠራር በትምህርት ቤት ተምራለች፤ ትሎች ከባድ ብረቶችን በሰውነታቸው እንደሚያከማቹም አንብባለች። «ትሎቹ ይብሉት፣ እኛ ኮምፖስቱን እንሸጠው» የሚለው ሐሳብ በግቢው በአንድ ቀን ተዛመተ። እኔ የተጠራሁት ትሉን እንዳስገኝላቸው እንጂ ይሆናል ወይስ አይሆንም እንድላቸው አልነበረም።

ትሎቹ የሚችሉትና የማይችሉት

ለኮምፖስት የምንጠቀምበት ቀይ ትል በሳይንሳዊ ስሙ ኢይሴኒያ ፌቲዳ ይባላል። ከተራው የመሬት ትል የሚለየው በአፈር ውስጥ ጠልቆ የማይገባና በሚበሰብስ ነገር ውስጥ የሚኖር በመሆኑ ነው። ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ ከመቶ 70 እስከ 80 የሚደርስ እርጥበትና ለገለልተኛ የቀረበ የአሲድነት መጠን ይመቸዋል። ጨው፣ አሞኒያና አየር ማጣት ከብዙዎቹ ብረቶች ቀድመው ይገድሉታል።

ብረቶች ወደ ትሉ የሚገቡት በቆዳውና በሚበላው ነገር በኩል ነው። ካድሚየም ሲገባ ሜታሎታዮኒን የተባለ ፕሮቲን ይይዘዋል፤ እርሳስ በአንጀቱ ዙሪያ ባለው ቢጫማ ሥጋ ውስጥ ይከማቻል። ዚንክና መዳብ ለሕይወቱ የሚያስፈልጉት በመሆናቸው ትሉ መጠናቸውን ይቆጣጠራል፣ ትርፉንም ያስወጣል። ክሮም ወደ ሥጋው ብዙም አይገባም። ስለዚህ «ትል ብረት ያከማቻል» የሚለው አነጋገር ለካድሚየም በእጅጉ፣ ለእርሳስ በከፊል እውነት ሲሆን ለክሮም ከሞላ ጎደል ሐሰት ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ነጥብ ግን የመጠን ጉዳይ ነው፤ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ለተከራዮቹ ያስረዳሁት በወረቀት ላይ በተሠራ ሒሳብ ነበር። 100 ኪሎ ደረቅ ድብልቅ አለን እንበል። በውስጡ 2 ኪሎ ትል ቢኖር፣ ትል አብዛኛው ውሃ በመሆኑ ደረቅ ሥጋው ከ0.4 ኪሎ አይበልጥም። ትሎቹ ብረቱን በዙሪያቸው ካለው ድብልቅ እኩል ቢያከማቹ ከጠቅላላው ብረት ከመቶ 0.4 ብቻ ተሸከሙ ማለት ነው። አሥር እጥፍ ቢያከማቹ እንኳ፣ ይህም ለካድሚየም የሚቻል ነው፣ የሚያወጡት ከመቶ 4 ይሆናል። ቀሪው 96 እዚያው በርሜሉ ውስጥ ነው። ትልን እንደ ተሸካሚ ካየነው ደካማ ተሸካሚ ነው።

ታዲያ ለምን ሙከራው ቀጠለ? ትሉ ብረቱን ባያወጣውም ያለበትን ሁኔታ ይለውጠዋል። ድብልቁ በትሉ አንጀት ውስጥ ሲያልፍና በውስጡ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ሲሠሩበት ብስባሹ ወደ ሂዩመስ፣ ማለትም የብስባሽ መጨረሻ ወደ ሆነው ጥቁር አፈር መሰል ነገር ይለወጣል፤ ሂዩመስ ደግሞ እርሳስን፣ መዳብንና ሌሎችንም አጥብቆ የመያዝ ባሕርይ አለው። የአሲድነቱም መጠን ወደ ገለልተኛ ይጠጋል። በዚህም በውሃ ታጥቦ ወደ ቦይ ሊወርድ ወይም ሥር ሊስበው የሚችለው የብረት ክፍል ይቀንሳል። የሙከራው ዓላማ «ዝቃጩን ማጽዳት» መሆኑ ቀርቶ «ብረቱ ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ» በሚለው የተተካው በዚያ ስብሰባ ላይ ነው። ስለ ሽያጩ ግን የዚያን ቀን አልተስማማንም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ከሁሉ በፊት ወደ ጉድጓዱ የሚገባውን ለየን። ትል ቢኖርም ባይኖርም መደረግ የነበረበት ይህ ነው፣ ከጠቅላላ ሥራውም ትልቁን ጥቅም ያስገኘ ይመስለኛል። ባትሪ ጠጋኙ አሲዱን በተለየ የፕላስቲክ በርሜል እያጠራቀመ በኖራ ማርከስ ጀመረ። ለባጮቹ የክሮም ማለቅለቂያ ውሃቸውን ለብቻው አደረጉ፤ ውሃው የአሲድነት መጠኑ ፒኤች ከ2 እስከ 3 ባለበት ሁኔታ በሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ሲታከም ባለ ስድስቱ ክሮም መርዛማነቱ ወደሚያንሰው ባለ ሦስት ቫለንስ ክሮም ይለወጣል፤ ከዚያ በኖራ ፒኤቹ ወደ 8 ወይም 9 ከፍ ሲል ክሮሙ አረንጓዴ ዝቃጭ ሆኖ ከሥር ይቀመጣል። ይህን አረንጓዴ ዝቃጭ ለትል ለመስጠት አልሞከርንም። ብስባሽ የሌለበት የብረትና የኖራ ጭቃ ስለሆነ ትሉ የሚበላው ነገር የለውም።

ቀጥሎ ከአሮጌዎቹ ጆንያዎች ናሙና ወስደን ቀላሉን የሽሽት ፈተና አደረግን። በፕላስቲክ ሣህን አንድ ወገን ንጹሕ የእበት ኮምፖስት፣ በሌላው ወገን ዝቃጭ የተቀላቀለበት ይደረጋል፤ መሀል ላይ የነበረው ካርቶን ተነሥቶ አሥር ትሎች በመስመሩ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከ48 ሰዓት በኋላ ካርቶኑ ተመልሶ ይገባና በየወገኑ ያሉት ይቆጠራሉ። በዓለም አቀፉ የአሠራር ደረጃ መሠረት ከአሥሩ ሁለት እንኳ በተበከለው ወገን ካልተገኙ አፈሩ ለትል አይሆንም ይባላል። ምንም ያልተቀላቀለበት ዝቃጭ ላይ አሥሩም ሸሹ። ከመቶ 40 ዝቃጭ ባለበት አንድ ብቻ ቀረ፣ ከመቶ 20 ባለበት አራት፣ ከመቶ 10 ባለበት ደግሞ ትሎቹ እኩል ተከፈሉ። ለዚህ ፈተና የወጣው ገንዘብ ከሁለት ሣህን ዋጋ አይበልጥም፤ በግቢው ያለውን ጭቅጭቅ ግን ከእኔ ንግግር ይልቅ ያስቆመው እሱ ነው። ሰዎቹ ትሎቹ ሲሸሹ በዓይናቸው አዩ።

ከዚያ ሁለት ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜሎችን በቁመታቸው ሰንጥቀን አራት ገንዳ አዘጋጀን። የመጀመሪያው ለማነጻጸሪያ ያለ ዝቃጭ፣ ሦስቱ ከመቶ 10፣ 20 እና 40 ዝቃጭ ያለባቸው ነበሩ። ቀሪው ከከተማ ወተት አርቢ የመጣ እበት፣ የጤፍ ጭድና የተቀደደ ካርቶን ነው። ድብልቁ ትል ሳይገባበት ለሦስት ሳምንት እየተገላበጠ በስብሶ ሙቀቱና የአሞኒያው ሽታ እስኪወጣለት ቆየ። ይህ ቆይታ ሁለተኛ ጥቅም ነበረው፤ ከአሮጌው ዝቃጭ ውስጥ የቀረ ባለ ስድስት ቫለንስ ክሮም ካለ እበቱ ራሱ ወደ ባለ ሦስቱ እንዲለወጥ ይረዳል። ገንዳዎቹ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ወደ አንድ ወገን አዘንብለው ተቀመጡ፤ ከሥራቸው የሚንጠባጠበው ውሃ በጀሪካን ይጠራቀምና ተመልሶ እላያቸው ላይ ይፈስ ነበር።

የታየው ውጤት

ከመቶ 10 በነበረው ገንዳ ትሎቹ ከማነጻጸሪያው ገንዳ ብዙም ሳይለዩ ተባዙ። ከመቶ 20 በነበረው ትልልቆቹ ትሎች በሕይወት ቆዩ፤ ሆኖም የእንቁላል ከረጢቶቻቸው በግልጽ አነሱ። ይህ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ትል አለመሞቱ ብቻ ተመችቶታል ማለት አይደለም፣ መርዝ ከመግደሉ በፊት መራባትን ይከለክላል። ከመቶ 40 የነበረው ገንዳ በሁለት ሳምንት ውስጥ ባዶ ቀረ። የሞቱትን ስንፈልግ ብዙ አላገኘንም፤ የሞተ ትል ቶሎ ስለሚበሰብስ የያዘውን ብረት መልሶ ለድብልቁ ሰጥቷል።

በቤተ ሙከራ ከታየው ውስጥ ለተከራዮቹ ለማስረዳት ያስቸገረኝ የጠቅላላ ብረት መጠን መጨመሩ ነው። «ጋሼ» ወረቀቱን አይተው «እንዲያውም ባሰበት እኮ» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ድብልቁ ሲበሰብስ ካርቦኑ አየር ሆኖ ይሄዳል፣ ብረቱ ግን ይቀራል። በኪሎ 100 ሚሊ ግራም እርሳስ ያለበት 100 ኪሎ ድብልቅ ወደ 60 ኪሎ ቢወርድ፣ በኪሎው ውስጥ ያለው እርሳስ አንድም ሳይጨመርበት 167 ሚሊ ግራም ገደማ ይሆናል። በደካማ የጨው ውሃ ታጥቦ የሚወጣው ክፍል ግን ከመቶ 10 በነበረው ገንዳ ለእርሳስና ለዚንክ በግልጽ ቀንሶ ተገኘ፤ ለኒኬል የተገኘው ለውጥ ትንሽ ነበር። በትሎቹ ሥጋ ውስጥ፣ አንጀታቸው ባዶ እንዲሆን ለሁለት ቀን በእርጥብ ወረቀት ላይ ከቆዩ በኋላ በተደረገው ምርመራ፣ ካድሚየም ከድብልቁ በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኝቷል፤ ክሮም ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። መጀመሪያ የተላከው ናሙና ግን ከነአንጀቱ ይዘት ነበርና ክሮም የሞላበት አስመስሎት ነበር፤ ያ የእኔ ስህተት ነው፣ የምርመራውን ገንዘብም በከንቱ አስወጣ።

ያልተሳካውና ያልታሰበው

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የአዲስ አበባ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ትሎቹ መብላት አቁመው መሀል ላይ ተጠቀለሉ። ገንዳዎቹን በጆንያና በጭድ ሸፈንን፤ ሥራው ቢያንስ በስድስት ሳምንት ዘገየ። በየካቲት ከጎረቤት የመጣ የጠላ አተላ የጨመረ ሠራተኛ ነበር፤ አተላው ፈልቶ ሙቀቱ ሲነሣ ትሎቹ በገንዳው ጠርዝ እየወጡ ወለሉን ሞሉት። ሐምሌ ላይ ደግሞ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ከጣሪያው ሥር ገብቶ ጀሪካኑ በአንድ ሌሊት ሞልቶ ፈሰሰ፤ ለወራት ስንጠብቀው የነበረው ውሃ ወደዚያው ቦይ ሄደ። አሁን ቢሆን ኖሮ ከገንዳዎቹ ዙሪያ አንድ ስንዝር የሚሆን የሲሚንቶ ግርዶሽ ሳላሠራ አልጀምርም ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ኮምፖስቱን በደረቁ ሲነፉት ደረስኩ። አቧራው በቅጽር ግቢው ተሰራጭቶ ነበር። በአቧራ መልክ የሚተነፈስ እርሳስ በጉድጓድ ከሚቀመጠው ይልቅ ቶሎ ወደ ደም ይገባል፤ የምግብ ቤቷ ባለቤት ሕፃን ልጅም እዚያው ይጫወት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውም ነገር የሚነካው እርጥብ እያለ፣ በጓንትና በአፍንጫ መሸፈኛ ብቻ ሆነ። ትሎቹን መለየትም ወንፊት ሳያስፈልገው በብርሃን ተሠራ፤ ክምሩ በብርሃን ሲቀመጥ ትሎቹ ወደ ታች ስለሚሸሹ ከላይ እየተገፈፈ ይወሰዳል።

ከሁሉ የከበደው የዶሮዎቹ ነገር ነው። የጎረቤት እናት ዶሮዎች በአጥሩ ቀዳዳ ገብተው ከመቶ 20 ባለው ገንዳ ውስጥ ሲለቅሙ ተገኙ። ለስንት ቀን እንደተመላለሱ የሚያውቅ የለም። በትል ሥጋ የተከማቸ ካድሚየም በዶሮ ጉበትና ኩላሊት ይቀመጣል፤ ዶሮዋን ለሚበላ ሰውም ይተላለፋል። ለእኚህ እናት ይህን ለመንገር እኔና «ጋሼ» አብረን ሄድን። «እማማ፣ እነዚህን ዶሮዎች እንዳይበሏቸው፣ ዋጋቸውን እኛ እንከፍላለን» ሲሏቸው፣ ትል ለበላ ዶሮ ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ ትል የበላች ዶሮ የምትሰባ እንጂ የምትጣል አይደለችምና። ገንዘቡን ተቀበሉ፣ ዶሮዎቹን ግን ለመስጠት ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ገንዳዎቹ በሽቦ ወንፊት የተከደኑት ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀድሞ መደረግ የነበረበት ነገር ነው።

ስለ ኮምፖስቱና ስለ ትሎቹ የተደረሰበት ውሳኔ

የሽያጩ ጥያቄ እንደገና የተነሣው ኮምፖስቱ ሲደርስ ነው። ጥቁር፣ የማይሸት፣ ለዓይን የሚያምር ነበር፤ ችግሩም ይኸው ነው፣ ማንም አይቶ የአትክልት ማዳበሪያ ይለዋል። አንድ የአበባ ነጋዴ በጆንያ ዋጋ ቆርጦለት ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ለኦርጋኒክ ማዳበሪያ የሚፈቅደው ጣሪያ በደረቅ ኪሎ ለካድሚየም 1.5፣ ለእርሳስ 120፣ ለኒኬል 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ከመቶ 10 የነበረው ገንዳ ኮምፖስት እንኳ በእርሳስ ይህን አልፎ ነበር። ሂዩመሱ ብረቱን ይዞታል ብንል፣ ሂዩመስ ራሱ በዓመታት ውስጥ እየበሰበሰ ይሄዳል፤ አፈሩ አሲዳማ ከሆነም ይዞ የነበረውን ይለቃል። ስለዚህ አንድም ጆንያ ከግቢው እንዳይወጣ ተወሰነ። ባለ 10 እና ባለ 20ው ኮምፖስት በግቢው ውስጥ በሲሚንቶ በተሠራ መደብ ተሞልቶ የማይበላ ቁጥቋጦ ተተከለበት። ተማሪዋ በመደቡ ግንብ ላይ በቀይ ቀለም «ለምግብ አትክልት አይሆንም» ብላ ጻፈችበት፤ ከእኔ ሪፖርት ይልቅ ይህ ጽሑፍ ረጅም ዕድሜ እንደሚኖረው እገምታለሁ።

ትሎቹን በተመለከተ ምድጃ ውስጥ ይቃጠሉ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ካድሚየም ግን በ767 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይተናል፤ በክፍት እሳት ማቃጠል ከትሉ አውጥቶ ወደ ሳንባ ማስገባት ነው። ደርቀው በተዘጋ ፕላስቲክ ማስቀመጫ ከአረንጓዴው የክሮም ዝቃጭ ጋር እንዲቆዩ ተደረገ።

ለሌላ ግቢ የሚሆነው

ከጉዳዩ ወደ ሌላ ቦታ ሊወሰድ የሚችለው፣ በእኔ ግምት፣ የድብልቁ መጠን ወይም የገንዳው ቅርጽ አይደለም፤ እነዚህ በየዝቃጩ ይለያያሉ። ሊወሰድ የሚችለው የአሠራሩ ቅደም ተከተል ነው። የሽሽት ፈተናው ከገንዳው ይቀድማል፤ የፍሳሹ መለየት ከሁለቱም ይቀድማል። ኮምፖስቱና ትሉ መጨረሻቸው የት እንደሚሆን ደግሞ የመጀመሪያው ትል ከመገዛቱ በፊት በጽሑፍ መስፈር አለበት፤ እኛ ይህን ስላላደረግን ነው ከአበባ ነጋዴው ጋር የዋጋ ድርድር ውስጥ የተገባው። ትል ለሚበሰብስና ቀለል ያለ ብክለት ላለበት ዝቃጭ ይረዳል፤ ለልባጥ ዝቃጭ ግን አይሆንም። በእንግሊዝ አገር ዴቨን ግሬት ኮንሶልስ በተባለ የተዘጋ ማዕድን ማውጫ አርሴኒክ በበዛበት አፈር ውስጥ የሚኖሩ ትሎች መኖራቸው በምርምር ታይቷል፤ እነሱ ግን ሌላ ዝርያ ሲሆኑ በብዙ ትውልድ ከቦታው ጋር የተላመዱ ናቸው። ከስልጠና ማዕከል በካርቶን የመጣ ቀይ ትል ያን አያደርግም።

አሁን ያለው ሁኔታ

ከ31 ጆንያዎች ውስጥ በሙከራው የታከመው የአምስቱ ዝቃጭ ነው። የቀሩት 26ቱ በአዲስ ፕላስቲክ ተጠቅልለው በጣሪያ ሥር በሲሚንቶ ወለል ላይ ተደርድረዋል፤ ከሲሚንቶ ጋር ተቀላቅለው እንዲጠጥሩ በናሙና እየተሞከረ ነው። ባለፈው ግንቦት ከጉድጓዱ የተጠረገው ዝቃጭ ሁለት ጆንያ ብቻ ሆኗል። ማነጻጸሪያ የነበረው ገንዳ ወደ ምግብ ቤቷ በር ተዛውሮ፣ ንጹሕ ትሎቹ የቡና አተላና የአትክልት ልጣጭ እየተመገቡ ነው።